ሲቪን ማደስ፦ ለተፈለገው ሥራ የሚመጥንና በማስረጃ የሚደገፍ መግለጫ አዘገጃጀት

አንድ ክፍት የሥራ መደብ በማስታወቂያ ሲወጣ ለምዝገባ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት አይበልጥም። በእነዚህ ቀናት ውስጥ አመልካቹ ማስታወቂያውን አንብቦ፣ ማስረጃዎቹን አሰባስቦ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ መግለጫውን ወይም በተለምዶ አጠራሩ ሲቪውን አስተካክሎ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ብዙ ሥራ ፈላጊዎች ግን ከዓመታት በፊት የጻፉትን ሲቪ አውጥተው የመጨረሻውን የሥራ ቦታ ብቻ በመጨመር ያስገባሉ። በዚህም ምክንያት ለሥራው ብቁ የሆነ ሰው ለፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ ሳይጠራ በሰነድ ማጣራት ደረጃ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በሰነድ ማጣራት ወቅት አመልካቹ በአካል አይገኝም። ግልጽ ያልሆነውን የሚያስረዳለት፣ የተሳሳተውን የሚያርምለት ሰውም የለም። መልማዮች የሚያዩት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ብዙ ማመልከቻ በሚቀርብበት መደብ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ወረቀት የሚሰጡት ጊዜ አጭር ነው። በመሆኑም አንድ ሲቪ ሁለት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ማስታወቂያው ለጠየቃቸው መስፈርቶች በግልጽ ምላሽ መስጠት ሲሆን፣ ሁለተኛው በውስጡ የሰፈረው መረጃ ሁሉ አብረውት ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ጋር መጣጣም ነው። ሲቪን ማሻሻል ማለትም በዋናነት እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ማስተካከል ማለት ነው።

ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ማንበብ

የሥራ ማስታወቂያ የመደቡን መጠሪያ፣ የሥራ ደረጃውን፣ ደመወዙን፣ ተፈላጊውን የትምህርት ደረጃና ዓይነት፣ የሥራ ልምዱን፣ አስፈላጊ ክህሎቶችን እንዲሁም የምዝገባውን ቦታና ጊዜ ይገልጻል። በእነዚህ ውስጥ በአጭሩ የሚጻፉ፣ ነገር ግን የማመልከቻውን ዕጣ የሚወስኑ ሐረጎች አሉ። “ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ” የሚለው ሐረግ የአገልግሎት ዘመኑ ብቻ ሳይሆን የሥራው ዓይነትም እንደሚመዘን ያመለክታል። “ከምረቃ በኋላ የተገኘ” የሚለው ደግሞ ከዲግሪው ወይም ከዲፕሎማው በፊት የተሠሩ ዓመታት ለመደቡ እንደማይቆጠሩ ያስገነዝባል።

ጠቃሚው አሠራር አንድን ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል ማስታወቂያው የጠየቀውን እያንዳንዱን መስፈርት፣ በሌላው በኩል ደግሞ መስፈርቱ መሟላቱን የሚያሳየውን ልምድና ማስረጃ መጻፍ ነው። በዚህ መንገድ በሲቪው ውስጥ ጎልቶ መውጣት ያለበት ነገር ይታወቃል፤ የሚጎድል ማስረጃ ካለም ቀነ ገደቡ ከማለፉ በፊት ይታያል።

አንድ ዓይነት ሲቪ ለሁሉም ማስታወቂያ ማቅረብ አይመከርም። የተሻለው አመልካቹ የተማረውን፣ የሠራውንና የሠለጠነውን ሁሉ የያዘ አንድ ዝርዝር ሰነድ ለራሱ እንዲያስቀምጥና ለእያንዳንዱ መደብ የሚመለከተውን ብቻ ከዚያ እየመረጠ እንዲያዘጋጅ ነው። ይህ ዝርዝር ሰነድ ርዝመቱ አያሳስብም፤ ለቀጣሪው የሚላከው ግን ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል።

ለማብራሪያ ያህል በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላትንና በአንድ የንግድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገለችን ባለሙያ እንውሰድ። የወጣው ማስታወቂያ የ3 ዓመት ቀጥተኛ አግባብነት ያለው ልምድ፣ የፒችትሪ ሶፍትዌር ዕውቀትና ወርሃዊ የግብር ማስታወቂያዎችን የማዘጋጀት ችሎታ ይጠይቃል። የባለሙያዋ አሮጌ ሲቪ ስለ ሥራዋ የሚለው “የሒሳብ ሠራተኛ” የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ስለ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷ፣ ስለ ትርፍ ጊዜ ዝንባሌዋና ስለ ጋብቻ ሁኔታዋ ግን ግማሽ ገጽ ይዟል። ባለሙያዋ ማስታወቂያው የጠየቀውን ሁሉ ትችላለች፤ ወረቀቷ ግን ይህን አይናገርም።

የቀን አቆጣጠር የሚያሳጣው ዓመት

በሀገራችን ሲቪዎች ላይ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙ ስህተቶች አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎች አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ፣ ሌሎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋሉ። አመልካቾች ወደ አንዱ ሲያዞሩ በሁሉም ወራት ላይ ወይ 7 ወይ 8 ዓመት ብቻ የመደመር ልማድ አላቸው። ትክክለኛው ስሌት ግን ከወሩ ጋር ይለያያል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ዓመት ነው።

ከላይ የተጠቀሰችው ባለሙያ ሥራ የጀመረችው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሲሆን የለቀቀችው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው እንበል። አገልግሎቷ 3 ዓመት ከ7 ወር ይሆናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጻፍ ከኦክቶበር 2018 እስከ ሜይ 2022 መሆን አለበት። ለሁለቱም ቀናት 7 ዓመት ብቻ ደምራ “ከኦክቶበር 2018 እስከ ሜይ 2021” ብላ ብትጽፍ ግን አገልግሎቷ 2 ዓመት ከ7 ወር ሆኖ ይነበባል። የ3 ዓመት ልምድ በሚጠይቀው መደብ ላይ በአንድ አኃዝ ምክንያት መስፈርቱን እንዳላሟላች ልትቆጠር ትችላለች። ተቃራኒው ስህተትም የራሱ ጉዳት አለው። በሲቪው ላይ የሰፈረው ዓመት ከልምድ ደብዳቤው በልጦ ከተገኘ አመልካቹ ሆን ብሎ ዕድሜ እንደጨመረ ሊያስጠረጥረው ይችላል።

ስለሆነም በአንድ ሲቪ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ መጠቀም፣ የትኛው እንደሆነም “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” በማለት በግልጽ ማመልከት ይገባል። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም መጻፍ አስፈላጊ ነው። “ከ2011 እስከ 2014” የሚል አገላለጽ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራትም፣ አራት ዓመት ሊሞላ የተቃረበ አገልግሎትም ሊሆን ስለሚችል አጣሪውን ለግምት ይዳርጋል።

ስም በሁሉም ሰነዶች ላይ አንድ ይሁን

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ችግር የስም አጻጻፍ ነው። የኢትዮጵያውያን ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ወጥ የሆነ ልማድ ስለሌለ የአንድ ሰው ስም በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። “ፀሐይ” የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ በ“ቲ” እና “ኤስ” ሲጀምር በሌላው በ“ኤስ” ብቻ ሊጀምር ይችላል። “ወርቁ”፣ “ጌታቸው”፣ “ጫልቱ” የመሳሰሉ ስሞችም እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ።

በተጨማሪም በኢትዮጵያ አሰያየም ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጻፉት የአባትና የአያት ስም ናቸው። “የቤተሰብ ስም” የሚጠይቁ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቅጾች ላይ አንዱ አመልካች የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ያው አመልካች በአንዱ ቅጽ አባቱን በሌላው አያቱን ከጻፈ ደግሞ በመዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ሊታይ ይችላል። ተገቢው በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን፣ ፓስፖርት ከሌለ በፋይዳ ዲጂታል መታወቂያው ላይ የሚገኘውን አጻጻፍ መነሻ በማድረግ በሲቪው፣ በማመልከቻ ደብዳቤውና በኢሜይል አድራሻው ላይ አንድ ዓይነት ስም መጠቀም ነው። በትምህርት ማስረጃው ላይ ጉልህ ልዩነት ካለ ወይም ስሙ በፍርድ ቤት ተለውጦ ከሆነ፣ ይህንን የሚያረጋግጠውን ሰነድ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ማስረጃን ሳያስፈልግ በፊት መያዝ

አንድ ልምድ በሲቪ ላይ ተጽፎ ማስረጃ ካልቀረበበት ለዝቅተኛው ተፈላጊ ችሎታ ላይያዝ ይችላል። ብዙ ሠራተኞች የልምድ ደብዳቤ የሚጠይቁት አዲስ ማስታወቂያ ሲያዩ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የቀድሞው ድርጅት አድራሻ ቀይሮ ወይም ተዘግቶ፣ ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊም ከቦታው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት አሠሪ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህ መብት ሥራ የለቀቀውን ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ያለውንም ሠራተኛ የሚመለከት ነው። ደብዳቤው ሲጠየቅ የተቀጠሩበት፣ የደረጃ ዕድገት ያገኙበትና የለቀቁበት ቀን በወርና በቀን ተለይቶ እንዲገለጽ ማሳሰብ ጠቃሚ ነው። የመደቡ መጠሪያ ጠቅላላ ከሆነ ደግሞ ዋና ዋና ተግባራት እንዲዘረዘሩ አሠሪውን መጠየቅ አግባብነትን ለማሳየት ይረዳል።

በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ይህ ማረጋገጫ ከልምድ ደብዳቤው ጋር አብሮ ቢወሰድ የኋላ እንግልትን ይቀንሳል። አመልካቹ በቅጥር ላይ እያለ ከሆነም ለአዲሱ መሥሪያ ቤት የሚፈለገውን መልቀቂያ ወይም ክሊራንስ ለማግኘት የሚወስደውን ጊዜ ታሳቢ ማድረግ ይኖርበታል።

የትምህርት ማስረጃን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ አንድን ደረጃ ማጠናቀቅና የብቃት ምዘናውን ማለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው በሲቪው ላይ ሁለቱም ከነቀናቸው ተለይተው ሊቀመጡ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር የሚመረቁ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱ በመሆኑ፣ ማስታወቂያው ይህን ከጠየቀ ፈተናውን ማለፋቸውን መግለጽ አለባቸው። በውጭ ሀገር የተማሩ አመልካቾች ደግሞ የማስረጃቸውን አቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማግኘት እንደሚጠበቅባቸው አውቀው ጥያቄያቸውን አስቀድመው ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

ሥራን በተግባርና በውጤት መግለጽ

በአብዛኞቹ ሲቪዎች ላይ የሥራ ልምድ የሚገለጸው በመደብ መጠሪያ ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት መጠሪያ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተለያየ ሥራ ይሸከማል። መልማዩ ማወቅ የሚፈልገው አመልካቹ ምን ይሠራ እንደነበር፣ የሥራው ስፋት ምን ያህል እንደነበርና በምን መሣሪያ ወይም አሠራር እንደሚጠቀም ነው። የሚከተሉት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ።

የሒሳብ ባለሙያዋ “የሒሳብ ሠራተኛ” ብላ የጻፈችው፣ “የ45 ሠራተኞችን ወርሃዊ የደመወዝ መክፈያ ማዘጋጀት፤ የተጨማሪ እሴት ታክስና የሥራ ግብር ወርሃዊ ማስታወቂያዎችን በጊዜው ማቅረብ፤ የዕለት ሒሳቦችን በፒችትሪ መመዝገብና ከባንክ መግለጫ ጋር ማስታረቅ” ተብሎ ቢተካ ማስታወቂያው ለጠየቀው ሁሉ ምላሽ ይሰጣል።

“የንብረት ክፍል ሠራተኛ” የሚለው፣ “ወደ ግምጃ ቤት የሚገቡ ዕቃዎችን በሞዴል 19 መረከብ፣ ወጪ የሚሆኑትን በሞዴል 22 ማስረከብ፣ የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርዶችን ማወራረድና በዓመታዊ ቆጠራ መሳተፍ” ተብሎ ቢዘረዘር የመንግሥትን የንብረት አያያዝ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

“በግንባታ ቦታ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ” የሚለውም፣ “ባለ 4 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ የመብራትና የሶኬት መስመር ዝርጋታ በንድፉ መሠረት መሥራት፤ የማከፋፈያ ሣጥን ማገናኘት፤ የሁለት ረዳቶችን ሥራ መከታተል” ቢባል የሙያ ደረጃውን በተግባር ያሳያል።

በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ አኃዞቹ የገቡት ለጌጥ አይደለም። የሥራውን ስፋት ስለሚያሳዩ ነው። አመልካቹ በቃለ መጠይቅ ቢጠየቅ ሊያብራራው የማይችለውን አኃዝ መጻፍ የለበትም። “ታታሪ”፣ “ቅን”፣ “በቡድን መሥራት የሚችል” የመሳሰሉ ቅጽሎችም በተግባር ካልተደገፉ ለመልማዩ የሚጨምሩት ነገር ጥቂት ነው። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ የቅርቡ ሥራ ከላይ፣ የቀድሞው ከታች ቢቀመጥ ይመረጣል።

ልምድ የሌላቸው ተመራቂዎችና ከሥራ ርቀው የቆዩ

አዲስ ተመራቂዎች ሲቪያቸውን ባዶ አድርገው የሚያዩት የቅጥር ልምድን ብቻ እንደ ልምድ ስለሚቆጥሩ ነው። በትምህርት ወቅት የተደረገ የተግባር ልምምድ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በቤተሰብ ንግድ ውስጥ የተሠራ ሥራም ክህሎትን ያሳያሉ። ለምሳሌ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ወራት ልምምድ ያደረገ ተመራቂ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ከመጻፍ ይልቅ በየትኛው ክፍል ምን እንደሠራ ቢገልጽ ይሻላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ከመደበኛ ቅጥር ተለይተው “የተግባር ልምምድ” ወይም “የበጎ ፈቃድ አገልግሎት” በሚል ርዕስ መቀመጥ አለባቸው። ማስረጃ የሌለውን የቤተሰብ ሥራ የቅጥር ልምድ አስመስሎ ማቅረብ በማጣራት ወቅት ሌላውን እውነተኛ መረጃ ሁሉ ለጥርጣሬ ያጋልጣል።

በአጭር ጊዜ የተወሰዱ ሥልጠናዎችም ቦታ አላቸው። የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭን በመሳሰሉ መርሐ ግብሮች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚሰጡ ሥልጠናዎችን አጠናቀው የምስክር ወረቀት ያገኙ ዜጎች፣ ሥልጠናው ከመደቡ ጋር የሚገናኝ ሲሆን ከነተጠናቀቀበት ጊዜ ሊያሰፍሩት ይችላሉ።

ልጅ ለማሳደግ፣ የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም ወይም በሌላ ምክንያት ከሥራ ርቀው የቆዩ ሰዎች ክፍተቱን ለመሸፈን የአገልግሎት ቀናቸውን ሲያስረዝሙ ይታያል። ይህ ከልምድ ደብዳቤው ጋር የሚጋጭ በመሆኑ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ምሳሌ የተደረገችው የሒሳብ ባለሙያ ከግንቦት 2014 ዓ.ም. በኋላ በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ከሥራ ርቃ ከነበረ “የቤተሰብ ኃላፊነት” ብላ በአንድ መስመር ጊዜውን መግለጽ ትችላለች። በዚያ ወቅት የወሰደችው ሥልጠና ወይም በእድርና በማኅበር ሒሳብ ያዥነት የሰጠችው አገልግሎት ካለም በዚያው ይጠቀሳል። ከሥራ ርቆ መቆየት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሐቁ በአጭሩ ሲቀመጥ መልማዩ ከግምት ይድናል።

መቅረት ያለባቸው መረጃዎች

ሲቪን ማሻሻል መጨመር ብቻ አይደለም። የብሔር፣ የሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከትና የጋብቻ ሁኔታ መረጃዎች ለሥራው ችሎታ መመዘኛ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁም በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ማስታወቂያው ለይቶ ካልጠየቀ በስተቀር እነዚህን መጻፍ አያስፈልግም። ከፍተኛ ትምህርት ላጠናቀቀ ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዝርዝርም እንዲሁ ሊቀር ይችላል።

የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የፓስፖርት ቅጂ በሲቪ ላይ መስፈር የለባቸውም። ሲቪ በብዙ እጆች የሚያልፍ ሰነድ ነው። በተለይ በቴሌግራምና በሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች በሚለቀቁ ማስታወቂያዎች ላይ የቀጣሪው ማንነት ሳይረጋገጥ የግል ሰነዶችን መላክ ለማጭበርበር ያጋልጣል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ አገልግሎቱን የሚሰጠው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል በመሆኑ፣ “ሲቪህን ለማስተላለፍ” ወይም “ስምሽን ለማስመዝገብ” በሚል ገንዘብ ሲጠየቅ ጉዳዩን በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

በዋቢነት የሚጠቀሱ ሰዎች ስምና ስልክ መስፈር ያለበት ፈቃዳቸው ከተጠየቀ በኋላ ነው። ዋቢ የሚሆነው ሰው የአመልካቹን ሥራ በቅርብ የሚያውቅ የቀድሞ ኃላፊ ወይም መምህር ቢሆን ይመረጣል፤ የቅርብ ዘመድ አይመከርም። ስልክ ደውሎ የማያገኝ ወይም ስለ ጉዳዩ የማያውቅ ዋቢ የሚያጋጥመው መልማይ ስለ አመልካቹ ጥሩ ግምት አይኖረውም።

ቅርጽ፣ ቋንቋና አቀራረብ

ሲቪ የሚጻፈው ማስታወቂያው በወጣበት ወይም ማስታወቂያው በጠየቀው ቋንቋ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ሰነድ በዩኒኮድ ባልተሠሩ የቆዩ ፊደላት ከተዘጋጀ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሊሆን ስለሚችል በዩኒኮድ ፊደል መጻፍና በፒ.ዲ.ኤፍ. መላክ ይገባል። ፋይሉም “ሲቪ አዲስ የመጨረሻ” ከመባል ይልቅ በአመልካቹ ስምና በመደቡ መጠሪያ ቢሰየም መልማዩ በቀላሉ ያገኘዋል።

ደማቅ ቀለማት፣ ጌጣጌጥና የተለያዩ የፊደል ዓይነቶች ንባብን ያውካሉ። ጥርት ያለ ርዕስ፣ በቂ ክፍተትና አንድ ዓይነት ፊደል በቂ ናቸው። ፎቶግራፍ የሚያያዘው ማስታወቂያው ሲጠይቅ ብቻ ነው። የስልክ ቁጥሩ የሚሠራ መሆኑን ከመላኩ በፊት ማረጋገጥ ቀላል ጉዳይ ቢመስልም፣ ለፈተና የተመረጠ ሰው ሲም ካርድ በመቀየሩ ምክንያት ጥሪው ሳይደርሰው ሊቀር እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቅርብ ቤተሰብን ተለዋጭ ቁጥር መጨመር ተገቢ ነው።

ከመላኩ በፊት ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግም ይረዳል። አንባቢው ጓደኛ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ “ጥሩ ነው ወይ?” የሚል ሳይሆን “ከዚህ ወረቀት ምን መሥራት እንደምችል ገባህ?” የሚል ነው።

እውነተኛነት

የሌሎችን ሲቪ ቀድቶ ስምን ብቻ መቀየር፣ እንዲሁም በኮምፒውተር ፕሮግራሞች የተዘጋጀን ጽሑፍ ሳያነቡ ማቅረብ እየተለመደ መጥቷል። አርአያ ማየትም ሆነ ለአጻጻፍ እገዛ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በወረቀቱ ላይ ያልተሠራ ሥራ፣ የማይታወቅ ሶፍትዌር፣ ያልተወሰደ ሥልጠና ሲሰፍር ነው። በጽሑፍ ፈተናው ወይም በቃለ መጠይቁ ላይ የሚገለጠውም ይኸው ነው።

ከዚህ አልፎ ሐሰተኛ የትምህርት ወይም የሥራ ልምድ ማስረጃ ማዘጋጀትና በእርሱ መገልገል በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። ሰነዱ በቅጥር ወቅት ሳይታወቅ ቢያልፍ እንኳ የማስረጃ ማጣራት ከዓመታት በኋላም ሊካሄድ ስለሚችል ሠራተኛው በሥራ ላይ ያፈራውን ስምና ዕድገት ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ልምድ በጥራት ቢገለጽ ከዚህ ስጋት ነፃ ሆኖ ባለቤቱን ያገለግላል።

ሲቪ መቼ ይታደስ?

ሲቪን ለማደስ ትክክለኛው ጊዜ ማስታወቂያ የወጣበት ሳምንት አይደለም። አዲስ ሥልጠና ሲጠናቀቅ፣ የሥራ መደብ ወይም ደረጃ ሲለወጥ፣ አዲስ ኃላፊነት ሲሰጥ ወዲያውኑ መመዝገብ ይገባል። በየዓመቱ የሚደረግ ክለሳ ለሚሻ ሰው ደግሞ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 አካባቢ ምቹ ጊዜ ነው። በዚያን ወቅት የዓመቱ የሥራ ክንውን ስለሚገመገም ምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደተሠራ በቅርብ የሚገኝ መረጃ አለ። ይህ መረጃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከማስታወስ ይጠፋል።

እገዛ የሚፈልጉ ሥራ ፈላጊዎች በየአካባቢያቸው በሚገኙ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያዎች ቀርበው ሊመዘገቡና ሊማከሩ ይችላሉ። ተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎችም በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተቋቋሙ የሙያ ማጎልበቻ ማዕከላት መጠቀም ይችላሉ። በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ የተመዘገቡ ዜጎች ደግሞ በሲቪያቸው ላይ ያደረጉትን ለውጥ በመረጃ ቋቱ ውስጥም ማስተካከል እንዳይዘነጉ ይመከራል።

ምሳሌ የተደረገችው የሒሳብ ባለሙያ አዲስ ዲግሪ ወይም ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመት አላስፈለጋትም። የተሳሳተውን ቀን ማረም፣ የሠራችውን በዝርዝር መጻፍ፣ የልምድ ደብዳቤዋንና የግብር ማረጋገጫዋን ማያያዝና የማይመለከተውን ማውጣት ብቻ በቂዋ ነው። ይህን ስታደርግ 3 ዓመት ከ7 ወር የሠራችበት ልምድ በወረቀቷ ላይም 3 ዓመት ከ7 ወር ሆኖ ይነበባል። ቅጥሩን ማንም ዋስትና ሊሰጣት አይችልም፤ ወደ ፈተናው የሚያደርሳትን በር ግን በራሷ ሰነድ ስህተት ምክንያት አታጣውም።